የሬድዮ ጣቢያችን የመጀመሪያ ደዋይ

ረቡዕ

ውሸታሞች። ውሸት እንኳ በወጉ አይችሉም። ለምስረታ በዓሉ «የጣቢያችን ታሪክ» ቅዳሜ በሬድዮ ይነበባል። አንባቢዋ የእህቴ ልጅ ዘሀራ ናት፤ ዛሬ ቤት አምጥታው ስትለማመድ ሰማሁ። የመጀመሪያው ደዋይ ስለ ማዳበሪያ ያመሰገነ አርሶ አደር ነው ይላል።

የመጀመሪያዋ ደዋይ ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ ናቸው። ልጃቸው ጅዳ ሄዳ ድምጿ ቢጠፋ፣ «ያያት ካለ» ብለው በቀጥታ ስርጭት አለቀሱ። የመካነ ሰላም ሰው ሬድዮ መክፈት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። እስከዚያ ጣቢያው ስብሰባ ነበር የሚያወራልን።

«ታዲያ ለምን ታነቢዋለሽ?»

«ቅጥሬ ጊዜያዊ ነው፣ ጋሼ። ቋሚ የሚያደርገኝ እሱ ነው።»

እሱ ማለት ሥራ አስኪያጁ ነው። እኔ ክራባቱ እለዋለሁ፤ ሌላ የሚጠቀስ ነገር አላገኘሁበትም።

ሐሙስ

ክራባቱ ገበያ ላይ ያዘኝ። «ጋሼ ይማም፣ ድምፅዎ ያምራል። ቅዳሜ ያን አርሶ አደር ሆነው ይደውሉልን። ከከላላ ወረዳ ነኝ ይበሉ።»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በሬ የማውቀው ከሩቅ ነው። እሺ አልኩት።

ዘሀራ ስትሰማ «እርስዎም?» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ያሰብኩትን ብነግራት ትከለክለኛለች፤ ደበቅኳት። ግን አመመኝ። በዚህ ቤት ሰው መናቅ የኔ ሥራ ነበር።

ቅዳሜ

ከእትዬ ከድጃ ቤት ደወልኩ። ዘሀራ «የመጀመሪያው ደዋያችን ከከላላ መስመር ላይ ናቸው» አለች፣ ሐዘን ቤት እንደገባ ሰው። ስልኩን ለእትዬ ሰጠኋቸው።

«አሰላሙ አለይኩም። ከድጃ ነኝ። ያኔም የደወልኩት እኔ ነኝ። ልጄ ዛሬም አልተገኘችም።»

መስመሩን መቁረጥ በዘሀራ እጅ ነው። ክራባቱ የስቱዲዮውን በር ሲደበድብ በሬድዮው ይሰማል።

«ይቀጥሉ፣ እትዬ» አለች። «የልጅዎን ስም ይንገሩን።»

ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ወዲያው ተመለሰ። በኔ ቀልድ እንጀራዋን ልታጣ ነው።

እሑድ

ዘሀራ አልተቆጣችኝም። ያ ባሰብኝ። ነገ ቢሮ ተጠርታለች።

ሰኞ

ከዞን ተደውሎ የቅዳሜው ስርጭት «ሕዝባዊ ዝግጅት» ተብሎ ተመስግኗል። ክራባቱም «እትዬ ከድጃን የጋበዝኳቸው እኔ ነኝ» አለ፤ ያውም ለዘሀራ፣ ዓይኗን እያየ። ታሪኩ እንደገና ይጻፋል፣ እሱም ይገባበታል። እፍረት የሚባለውን ሲያድሉ ስብሰባ ላይ ነበር መሰለኝ።

ስለ ቋሚ ቅጥሯ ጠየቀችው። «እናያለን» አላት።

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«እኔም እናያለን አልኩት።»

ለክራባቱ። ወላሂ፣ ይህን እኔም አልደፍረውም። ነገ ጠዋት ሬድዮ ከፍቼ ድምጿን እጠብቃለሁ።