ወለላን ያስመለሰው ስልክ

ይድረስ ከመካኒሳ አቦ ተነስቶ፣ ሰሜን ሸዋ ፀበል ላይ ላለሽው ለእናቴ ለወይዘሮ ገዲሴ።

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ያ ሲነጋጋ የሚወጋሽ ነገር ቀለል አለልሽ ወይ? ፀበሉ ብርድ ነው ሲሉ እየሰማሁ፣ ጋቢሽን ደርበሽ ትተኚ ይሆን፣ የሰደድንልሽ ቆሎ አልቆብሽ ይሆን፣ ከጎንሽ የሚተኙት ሴትዮ ዛሬም ያንኮራፉ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኛ፣ ቤቱ ያለ አንቺ ጭር ማለቱን ትተን፣ ሁላችንም ደህና ነን።

እዚያ ስልክ ስለማይፈቀድ ይህን ወረቀት ጎረቤታችን ማናዬ ለመጠመቅ ስትመጣ ይዛልሽ ትመጣለች። ሳትደነግጪ አስነብቢው። የምስራቹን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ወለላ በረቷ ውስጥ ናት፣ ጤነኛ ናት፣ ሴት ጥጃም ወልዳለች። እንግዲህ ይህን ካወቅሽ በኋላ ላምሽ ጠፍታ ነበር ብልሽ ሱባኤሽን ጥለሽ አትሮጪም ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎናችን ሕንፃ የሚሠሩት ሰዎች ለገልባጭ መኪናቸው ብለው አጥራችንን ሳያስፈቅዱ ጥሰውት ኖሯል። ወለላ በዚያ ወጥታ ሄደች። አባዬና ፍሮምሳ ወንዙን ይዘው ወረዱ፣ እኔ አስፋልት ለአስፋልት ስዞር ዋልኩ፤ የበላት ጅብ አልጮኸም። ማታ አባዬ ሰብስቦን፣ ይቺን ነገር እናታችሁ እንዳትሰማ፣ ከሰማች ሕመሟን እንደያዘች ነው የምትመለሰው አለን። ከዚያ ወዲያ ቤታችን የለቅሶ ቤት መሰለ። ፍሮምሳ እንኳ ሆዱን የሚወደው ልጅሽ፣ እህል አልወርድ ብሎት ሰነበተ።

ስልኬ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አዎ፣ «ይሄ መስታወት ነው እንጂ ምኑ ስልክ ነው» ብለሽ የሰደብሽው። ከውዱም ከርካሹም ያልሆነ፣ መሃል ሰፋሪ ስልክ ነው። የወለላን ፎቶ በሰፈሩ ቴሌግራም ለቀቅኩት፤ ሳይውል ሳያድር አንዲት የጀሞ ልጅ ይቺን የመሰለች ላም ዲንሳ የሚባል ከብት አርቢ ግቢ አይቻለሁ ብላ ጻፈችልኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ ስልኩ እንከን የለበትም አልልሽም። ባትሪው ጠንካራ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ሞቶ የኔ ብቻ ይቀራል። በረት ውስጥ ከድንጋይ ላይ ወድቆም አልተሰነጠቀም። ድምፁማ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ግን ጣቴን አያውቅልኝም፤ እበት ስዝቅ ውዬ ስነካው እንደ ባዳ ይመልሰኛል። ብዙ ነገር ከከፈትኩበት ይግልና ማሰብ ይጀምራል። ጨለማ ላይ ያነሳው ፎቶ ጭጋግ ነው፤ ፀሐይ ላይ ደግሞ መስታወቱ ምንም አያሳይም። በዚህ ላይ ቀለም ያጋንናል። የኔን ፊት ሲያቆነጅልኝ ደስ እያለኝ ዝም ብዬው ነበር።

ሄደን ስናያት ወለላ ናት። ዲንሳ ክፉ ሰው አይደለም። ላሚቱን ከገበያ ከማያውቀው ሰው ገዝቷል፤ የገዛኋትን ላም በወሬ አልለቅም ብሎ ድርቅ አለ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ እሱ ግቢ ተቀመጠ፤ አባ ፈየራ ዋና ዳኛ ሆነው መሃል ተቀመጡ። እኔ ስልኬን ይዤ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ፎቶውን ሰጠኋቸው፤ ፀሐዩ አላሳይ ብሏቸው በጋቢያቸው ተከናንበው አዩት። ወለላ ቡላ አይደለች? በስልኬ ግን እንደ በርበሬ ቀልታለች። ዲንሳ ሳቀና፣ የእነሱ ላም ቀይ ናት፣ የኔ ቡላ፤ ምን ያገናኘናል አለ። አባ ፈየራም፣ ልጄ ምስክርሽ መሰከረብሽ አሉኝ። አባዬ አንገቱን ደፋ። እማዬ፣ ያን ስልክ ከግንቡ ጋር ላላትመው ምንም አልቀረኝም።

ያን ጊዜ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ። ወደ ፀበል ልትሄጂ ስትሰናጂ፣ ወለላ በድምፄ ካልጠሯት ወተት አትለቅም፣ አጠራሬን ልመጂ ብለሽ፣ እኔም እየሰማሁ እንድለማመድ ስትጠሪያት ቀድቼሽ አልነበር? ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩና ስልኩን ወደ ላይ አነሳሁት። «ወለላ፣ ነይ የኔ እመቤት፣ ነይ እንጂ፣ ማን አስቀየመሽ» የሚለው ድምፅሽ የዲንሳን ግቢ ሞላው። እስከ ጥግ ሲጮህ ይሻክራል፤ ይሻክር። ወለላ ከገለባው ቀና አለች፣ ጆሮዋን አቆመች፣ የዲንሳን ከብቶች ግራና ቀኝ ገፍታ መጣች። የአባ ፈየራን በርጩማ ገለበጠችው፤ እሳቸው እንደ ወጣት ዘለው ነው ያመለጡት። ከዚያ ስልኬን ትልሰው ጀመር።

ዲንሳ ራሱ ተነስቶ ገመድ አምጥቶ በእጄ አስያዘኝና፣ ላም አትዋሽም፣ እኔም ካሳደገቻት ሴት ድምፅ ጋር አልከራከርም አለ። አባዬ አቅፎት፣ የሸጠልህን ሰው አብረን እንፈልገዋለን፣ የመጀመሪያው ቅቤም ያንተ ነው አለው። ሽማግሌዎቹ መርቀው አስታረቁን።

ከጀሞ እስከ መካኒሳ እንዴት እንደመጣን ብታዪ። እኔ ድምፅሽን እያሰማሁ ከፊት፣ ወለላ ከኋላዬ፣ አባዬና ፍሮምሳ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከግራና ከቀኝ። የታክሲ ረዳቶች በመስኮት ወጥተው መንገድ ያስለቅቁልን ነበር። እንዲያ የኮራሁበትን ቀን አላስታውስም። ባትሪውም ሳይደክም ከነክብሩ ቤት ገባ።

በረት አስገብተን ድምፅሽን ሳጠፋው ግን ወለላ ስልኩን ተወችና በትከሻዬ በኩል አሻግራ በሩን አየች። አንቺን ነው የፈለገችው። የስልኩን ትልቁን ጉድለት ያን ጊዜ አወቅኩት፤ ድምፅሽን ያመጣል እንጂ አንቺን አያመጣም። እኔም አብሬያት ዞሬ ወደ በሩ አየሁ። እማዬ፣ ድነሽ ነይልን።

አባዬ፣ ላሚቱን በሰላም ተረክቤያለሁና አታስቢ በያት ብሎሻል፤ ሲናገር ዓይኑን በጋቢው ይጠርግ ነበር። ፍሮምሳ ጉልበትሽን ይስማል፤ ወለላ ቤት ገብታ ስትወልድ እንገሩን ብቻውን እንደጨረሰው ግን አትንገሪያት ብሎኛል። አባ ፈየራ ስለ በርጩማቸው ካሳ እንደሚጠይቁሽ በሳቅ ልከዋል። አጠገብሽ ላሉት ሴትዮም ምህረት ይውረድላቸው በይልኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ ሴና በንቲ
መካኒሳ አቦ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.