ቅቤ ቅቤ ስለሚሸተው ዊስኪዎ

ለክቡር የአጥቢያ ኮከብ መጠጥ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፤
ካሉበት ይድረስ።

ክቡር ሆይ፤ የከበረ ጤንነትዎ እንዴት ሰንብቷል? ክፉ አይንካዎ እያልሁ ከዝቅታዬ እጅ እነሣለሁ። አዲሱን ዊስኪዎን የጠጣነው አሥራ ሁለት የቁስቋም ሰዎች፣ ቸሩ አምላክ ይመስገን፣ በሥጋ ደኅና ነን። የነፍሳችን ነገር ግን በእርስዎ እጅ ስለ ወደቀ፣ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌ አንዱን ቅጂ ዊስኪው በሚሸጥበት ቤት በር ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ፤ የተማርሁት ዳዊት እስከ መድገም ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያስተምሩን እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች ናቸው።

እኔ የሻው ፋንታሁን የሚካኤል ማኅበርተኛ ነኝ። ማኅበሩን ወደ ቤታችን ያስገባችው ሟች ባለቤቴ እናኑ ነበረች፤ እሷ ያወጣችውን አረቄ የቀመሰ ሁሉ ከጠዳ እስከ ሳንጃ ስሟን ያነሣል። ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ተራዬ በደረሰ ቁጥር ከጎረቤት የተለመነ ጠላ አቀርባለሁ፤ ማኅበርተኛውም አንድ ጊዜ ፉት ይልና፣ እናኑን ነፍሷን ይማር ብሎ ዋንጫውን ያስቀምጣል። ጸሎት ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ስለዚህ ዘንድሮ የሰኔ ሚካኤል ሲደርሰኝ፣ ወኪልዎ ፒያሳ ላይ ቆመው ልዩ ጣዕም ያለው አዲስ ዊስኪ መጣ እያሉ ሲያውጁ ሰምቼ ሁለት ጠርሙስ ይዤ ገባሁ።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ትልቅ ሰው ጊዜ የለውም ሲባል ሰምቻለሁና።

አንደኛ፤ በጠርሙሱ ላይ «ልዩ ጣዕም» ተብሎ ተጽፏል፤ የምን ጣዕም እንደ ሆነ ግን አልተጻፈም። ጠጪው በራሱ ተመራምሮ እንዲደርስበት ስላከበሩን እናመሰግናለን። ደረስንበትም። ዕለቱ ረቡዕ፣ ያውም የሐዋርያት ጾም ነበር። ጸሎቱ ደርሶ፣ ጽዋው ዞሮ፣ ሽሮው ከተበላ በኋላ ጠርሙሱን ብከፍተው ቤቱን የሞላው በኮረሪማ የተነጠረ የቅቤ ሽታ ነው። አሥራ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ዞሮ ወደ ጓዳዬ ተመለከተ።

ሁለተኛ፤ ላሟ። ጓዳዬ ተፈትሾ ነጻ ከወጣሁ በኋላ ሰዉ ጠርሙሱን ቢያገላብጠው፣ ከስሙ በታች አንዲት የሰባች ላም ለምለም መስክ ላይ ቆማለች። ክቡር ሆይ፣ ሥዕሏ ያማረ ነው፤ ጡቷ ሳይቀር ተለይቶ ይታያል። እርስዎ ምናልባት መስኩን ሊያሳዩን ፈልገው ይሆናል፤ በጾም ያለ ሰው ግን የሚያየው ላሟን ነው።

የማኅበሩ አንጋፋ አያ ዳኛው አረቄን የሚፈትኑት ጣታቸውን ነክረው ክብሪት በመለኮስ ነው። ለኮሱት፤ ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። አሸተቱትና፣ «መንደዱንስ ሸጋ ይነዳል፤ ምነው የፋሲካ ዋዜማ መሰለኝ?» አሉ። ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴ አቶ ሐብተ ማርያም ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡ፤ ገልጠው፣ ርግጠኛ ለመሆን አንድ ልድገም አሉ። የነፍስ አባታችን ቄስ ወልደኢየሱስ ሳይቀምሱ መፍረድ ግፍ ነው ብለው አንድ ቀመሱ፤ ይግባኝ እንዳይኖር ሁለተኛ ቀመሱ፤ ከዚያ በኋላ ጾሙ አጠራጣሪ ሆኗል ብለው ፈረዱ።

ባለሙያ ይጠየቅ ተባለና ጎረቤቴ አቶ ሐቢብ ተጠሩ። እሳቸው ሠላሳ ዓመት ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ አይጠጡም፣ የሰኔንም ጾም አይጾሙም፤ ለማንም የማያደላ ዳኛ ከዚህ ወዲያ የት ይገኛል? ደጃፍ ላይ እንደ ቆሙ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ አፍንጫቸውን ብቻ አውጥተው፣ ቡሹን ከክንድ ርቀት አሸተቱ። «የሻው ወንድሜ፣ ቅቤ ነው ብዬ አልምልም፤ ገበያ ላይ ቢመጣልኝ ግን ሳላመነታ እገዛው ነበር» ብለው ሄዱ። ይህ ምስክርነት ለእርስዎ ምስጋና ነው፤ እኔን ግን ገደለኝ።

ሦስተኛ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ይኸኛው ነው። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ጽዋው ከቤቴ ታግዷል። በእኛ ማኅበር ደግሞ ጽዋው የታገደበት ቤት የሙታኑ ስም በጸሎቱ ላይ አይጠራም። ሐምሌ ዐሥራ ሁለት ቀን የሁሉም ሙታን ስም ሲጠራ የእናኑ ይዘለላል ማለት ነው። እሷ ለዚያ ማኅበር ሃያ ዓመት አረቄ ስታወጣ አንድም ቀን ላም አልሣለችበትም።

አራተኛውን ቅሬታ የማቀርበው በራሴ ላይ ነው። ጠርሙሱን በዋዜማው ቀን ከፍቼ አሽትቼው ነበር። ሽታውን ዐውቄዋለሁ። ደንግጬም ነበር። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አመድ ብቻ የሸተተው ቤቴ እናኑ የበዓል ወጥ የምትሠራበትን ቀን ሸተተኝና፣ ቡሹን ወዲያው መክደን አቃተኝ። ቆሜ ቆየሁ። በማግሥቱም ሰው ሁሉ እየጠጣ ዝም አልሁ፤ ከእናኑ ወዲህ በቤቴ ድገመኝ ሲባል ያን ቀን መስማቴ ነበርና። ለዚህ ስግደቴን ጀምሬአለሁ፤ ጉልበቴም ይመሰክራል። እርስዎን በዚህ አልከስም፤ የእርስዎ ድርሻ ላሟ ብቻ ናት።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ቃል ነው፤ ዊስኪው ውስጥ ቅቤ አለ ወይስ የለም? እባክዎ ከሐምሌ ሚካኤል በፊት ማኅተም አድርገው ይመልሱልኝ። ልዩ መልስ አልሻም፤ ተራ መልስ ይበቃኛል።

ፋብሪካዎን ያስፋልዎ፣ ላምዎን ያርባልዎ እያልሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ባልለቀቀኝ ግሳት የምሰናበትዎ፣

የሻው ፋንታሁን
ጎንደር፣ ቁስቋም፤ ሰኔ ፲፱ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

ግልባጭ፤ ለማኅበሩ ሙሴ፤ ለአቶ ሐቢብ፣ ስለ አፍንጫቸው ውለታ።

ማስታወሻ፤ ይህን በሩ ላይ ስለጥፍ ወኪልዎ ወጥተው አነበቡትና በብዙ ሰው ፊት ሣቁ። «አያ የሻው፣ ምን ነካዎ? እኛ እንደ ቅቤ ያለ ውድ ነገር መጠጥ ውስጥ የምንጨምር ይመስልዎታል?» አሉ። ከሰዉ መካከል ቄስ ወልደኢየሱስ ነበሩ፤ ቃሉን እዚያው ተቀብለው እገዳውን አነሡልኝ። የእናኑ ስም በሐምሌ ይጠራል። እንግዲህ ጾማችንን ስላዳኑልን ማኅበሩ በሙሉ ያመሰግንዎታል፤ ስለ ነፍሳችን የጀመርነውንም ጥያቄ ትተን፣ ቅቤ ካልሆነ የጠጣነው ምን እንደ ሆነ አሁን ስለ ሆዳችን እንጠይቅዎታለን።