የትርሐስ አንገት

ኅዳር 4፣ 1989

የንቅሳት ልምምዴ ዛሬም ዱባ ላይ ነው። እትዬ የዝና በጥላሸት አንድ መስመር አሰመሩና «በዚህ ላይ ሂጂ» አሉኝ። በክር የታሰሩትን መርፌዎች ይዤ… ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ከሩቅ ሲያዩት መስመር ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ጉንዳን የተበተነበት መንገድ ነው።

«በግራ እጅሽ ቆዳውን ወጥሪ እንጂ፣ አንቺየ! ካልተወጠረ መርፌው ይስታል!»

ዱባ እንዴት ይወጠራል? አልጠየቅኩም።

ገበያ ሲሄዱ እንደ ልማዳቸው በሩን በውጭ ቆለፉብኝ። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ንቅሳቱን ተምራ ኮበለለች አሉ። የእሷን ቅጣት የምቀጣው እኔ። አጎቴ ዲማ ከባምባሲ አምጥቶ ሲሰጠኝ «ሙያ ትያዝ፤ ለገና መጥቼ አያታለሁ» ብሎ ነበር። ያ የአምናው ገና ነው። እስካሁን ሳበስልና ሳጥብ ኖሬ መርፌ የያዝኩት ገና በዚህ ወር…

ኅዳር 19

የገዛ ባቴን ነቀስኩ። አንዲት አጭር መስመር። ዱባ አያመውም፣ እግር ያመዋል። እጄ የፈራው ለዚህ ይሆን? ጠለቅ ያልኩበት ቦታ ቀለሙ ፈሷል። ሳሳ ያልኩበት ደግሞ ከአሁኑ ሊጠፋ ነው።

አባቴ ቢያይ ምን ይል ነበር? «ገላ የጌታ ቤት ነው» የሚል የቸርች ሰው… ነፍሱን ይማር፣ አላየም።

ታኅሣሥ 2

ገባኝ! ትንፋሽ ነው። ትንፋሼን ስይዝ እጄ ይደርቃል። ቀስ ብዬ ስለቀው መርፌው ራሱ እኩል እኩል ይወርዳል።

እማማ ጸሐይነሽ የደበዘዘ የአንገታቸውን ንቅሳት ሊያሳድሱ መጥተው እኔ ሠራሁላቸው። መስተዋት አይተው «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። እትዬ የዝና ግን ሥራዬን ያዩት በጣታቸው ነው። ዳሰሱት። ለምን?

ታኅሣሥ 9

እትዬ የዝና አያዩም።

በጠራራ ፀሐይ ደጃፍ ቁጭ ብለው መርፌ ሊያስሩ፣ ክሩን ከመርፌው አጠገብ በባዶ አየር ላይ ሲያዞሩት አየሁ። ስጠጋ «ሂጂ ውሃ ጣጂ!» አሉኝ። ለካ ለዚህ ነው ደንበኛው ሁሉ ወደ እኔ የሚመራው! እሳቸው ከጎን ሆነው «ወደ ቀኝ… እንደሱ…» ይላሉ። ሰው ያምናል። እኔም አምኜ ነበር።

እንግዲህ መስመሬ በጠራ ቁጥር በሩ ይበልጥ ይጠብቅብኛል ማለት ነው። ዓይናቸው እኔ ነኝ፤ ዓይኑን የሚለቅ ማን አለ?

ውጭ የክልሉ መኪና በድምፅ ማጉያ ስለ መብት እያወራ አለፈ። ክልሉ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ ባንዲራው አዲስ። እኔ ተቆልፎብኝ አዳመጥኩ።

ታኅሣሥ 15

በአጥሩ ቀዳዳ ጉዱን ሁሉ ለዐዋጢፍ ነገርኳት። ጎረቤታችን ናት፣ ባሚያ ትሸጣለች። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ስለሆነች አማርኛዋ እንደራሷ ነው።

«አንተ ለምን አይሄድም?» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ወላሂ፣ እኔ አያውቅም። ግን እጅ አለ። እጅ ያለው ሰው ይበላል። ባምባሲ እህቴ አለ።»

እጅማ አለኝ። ያሰረኝ እሱ አይደል እንዴ?

ታኅሣሥ 21

ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። አንድ የተበላሸ መስመር… ሰው ሁሉ የሚያየው አንገት ላይ። ያኔ ራሳቸው ያባርሩኛል። ነገ ሙሽራ ትመጣለች ተብሏል…

ታኅሣሥ 22



ሙሽራዋ ትርሐስ ትባላለች። ከሠፈራ ጣቢያ ከእናቷ ጋር መጣች። ሰርጓ ለጥር ነው። እናትየው አንገቷ ላይ ድርብ መስመር አዘዙ። እሷ መሬት መሬት ታያለች። በጥላሸት ሳሰምርላት ጉሮሮዋ ከጣቴ ሥር ይመታል። እናትየውና እትዬ የዝና የድግሱን ወሬ ሲይዙ ጠጋ አለችኝ።

«አበላሺው» አለች በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«አንገቴን። በናትሽ… አስቀያሚ አድርጊኝና ይተወኝ። ሰውየውን አላውቀውም እኮ።»

የተመኘሁት ነገር ራሱ አፍ አውጥቶ ለመነኝ! እሷም ትፈታለች፣ እኔም። መርፌውን አነሳሁ። ግን ያ አንገት… የእኔ እኩያ ናት። መስተዋት ባየች ቁጥር ዕድሜዋን ሙሉ የኔን ተንኮል ልታይ? ደግሞ ሰውየው ባይተዋትስ? መርፌውን ሳህኑ ላይ መለስኩት።

«ልጅቱ አልፈለገችም» አልኩ ጮክ ብዬ።

እናትየው ዞሩ። «ማን ጠየቃት?»

«እኔ አልነቅሳትም።»

«ዞር በይ!» አሉ እትዬ የዝና። «እኔው እሠራዋለሁ!»

መርፌውን በዳበሳ አገኙት። የትርሐስን አገጭ ያዙ። የመርፌው ጫፍ ሲሄድ አየሁት… ወደ አንገቷ አልነበረም። ወደ ከንፈሯ ነበር። ዘልዬ እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«እትዬ፣ አያዩም።»

 እናትየው እጃቸውን በእትዬ የዝና ዓይን ፊት አወዛወዙ። እትዬ የዝና ቀጥ ብለው ያያሉ፣ ወደ ምንም። እናትየው ልጃቸውን ይዘው ወጡ። ትርሐስ በሩ ላይ ዞር ብላ አየችኝ። አንገቷ ላይ ያለው ጥላሸት ብቻ ነው፤ በውሃ ይለቃል። ሰርጉ ይቅር አይቅር አላውቅም።

ታኅሣሥ 23

እትዬ የዝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዋሉ። እህል አልቀመሱም።

ታኅሣሥ 26

ደንበኛ የለም። ወሬው ገበያ ደርሷል። ጠዋት አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ።

«ከፋሲካ ወዲህ ጥላ ጥላውን ነው የማየው» አሉ። «ብነግርሽ ትሄጃለሽ ብዬ…»

«ሳይነግሩኝም መሄድ እፈልግ ነበር።»

«አውቃለሁ። ታዲያ ለምን የምቆልፍ መሰለሽ?»

መዳፋቸውን ዘረጉ። «እጅሽን ስጪኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። የቀኝ እጄን ጣቶች አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። አሁን ጨብጠው ይይዙኛል ብዬ ጠበቅኩ። ለቀቁኝ።

«ወደ አገሬ ወደ ገነተ ማርያም መልእክት ልኬያለሁ። የወንድሜ ልጅ መጥታ ትወስደኛለች። አንቺ ሂጂ፣ ጠጂቱ።»

በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። አለቀስኩ። ለሳቸው ይሁን ለራሴ… እንጃ።

ጥር 20፣ ባምባሲ

አጎቴ ዲማ ቤት አልገባሁም። ያረፍኩት የዐዋጢፍ እህት ዘንድ ነው። ጠዋት አንዲት ሴት ግንባሯ ላይ መስቀል ፈልጋ መጣች። የመጀመሪያዬ! መርፌውን አፈላሁ፣ ጥላሸቱን በጠበጥኩ። አገጯን ያዝኩና ቆምኩ።

«ትፈልጊዋለሽ?»

«አዎ።»

«ራስሽ? ማንም አላዘዘሽም?»

ሳቀች። «ምን ነካሽ? በገዛ እግሬ መጣሁ እኮ!»

«እኔም» አልኳት።

አልገባትም። ጀመርኩ።