ቅጠሉን ገልብጦ የለበሰው

መስከረም 6፣ ከሰዓት፣ መናኸሪያ

ሚኒባሳችን ተራ ይዛለች። «ዶዮገና! ዶዮገና!» ስል ውዬ ጉሮሮዬ ተልጧል። ስሚ ደብተር፣ ዛሬ ሌላ የማነበው አግኝቻለሁ፤ አትቅኚ። አንዲት ተማሪ ኋላ ወንበር ላይ ኮሚክ ረስታ ወርዳለች። «የጭጋጉ ዘበኛ» ይላል። ጥቁርና ነጭ። የሣለው ሰው ስም የለም። የታተመው ባለፈው ነሐሴ፣ አ.አ.። ሾፌሬ ጋሽ ሸምሱ፣ ከስምንተኛ ክፍል የሸሸ ልጅ ዛሬ ምን ነካው ብለው ሳቁብኝ። ሥዕሉን ነው የማየው አልኳቸው። ዋሸሁ።

ታሪኩ ጨለማ ነው። ጭጋግ የማይለቃት ከተማ። አንድ ደላላ የከተማዋን ልጆች ደቡብ አፍሪካ አደርሳለሁ እያለ መንገድ ላይ ይበትናቸዋል። ማንነቱ አይታወቅም። ፖሊስ? ተኝቷል። ፊቱን የሸፈነ አንድ ሰው ብቻ ይከታተለዋል። ካባው ደግሞ የእንሰት ቅጠል! ጎመን ጀግና ብዬ ሳቅኩ።

መስከረም 7፣ ጠዋት፣ ተራ ስንጠብቅ

ሳቄ ጠፋ። ዝናብ የሚዘንብበት ገጽ ላይ ደረስኩ። ጀግናው ቅጠሉን የለበሰው ገልብጦ ነው። በመሃል ያለው ቦይ ውሃውን ሰብስቦ ማጅራቱ ላይ ያንቆረቁረዋል። እዚህ አገር ሕፃን እንኳ እንዲህ አይለብስም። ከአንድ ሰው በቀር። አብሮ አደጌ ሎምባሞ።

ከት/ቤት ስንመለስ ዝናብ ከያዘን ከሰው ጓሮ ቅጠል ቆርጠን እንለብሳለን። እኔ ደረቅ፣ እሱ ሁሌ ርጥብ። ስንቴ ሳቅኩበት! አንድ ቀን ቅጠላችንን እንደለበስን አጥር ሥር አድፍጠን ከቤተ ክርስቲያን ኳየር ልምምድ በሚመለሱት ላይ እንደ አውሬ አጉረመረምን። «በኢየሱስ ስም!» እያሉ ተበተኑ። መሪያቸው ጫማቸውን ጭቃው ውስጥ ትተው ሮጡ። እኔ በሳቅ፣ ሎምባሞ በብርድ ተንቀጠቀጥን። በማግስቱ ጫማውን ዴስኩ ላይ በከሰል ሥሎት ተገረፈ። እኔም ሳቅኩ፣ ተገረፍኩ። ያ ጊዜ እንዴት ይጣፍጥ ነበር።

ከዚያ አደግን። የቤታቸው በሬ ተሸጠ፤ ሎምባሞን ደላላ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ይዞት ሄደ። ሁለት ዓመት። ስልኩ ዝም። ይኑር ይሙት እናቱም አያውቁም። ግን ሙት ኮሚክ አይሥልም። አይደል ደብተር?

መስከረም 8፣ ሳይመሽ

እናቱ ዘንድ ሄድኩ። እማማ አማረች አላመኑኝም። ማን ያምነኛል? አምና ዶሯቸው ሥር ድንች ደርድሬ ሳምንታት ያስታቀፍኳት እኔ ነኝ። «አንተ ቀጣፊ፣ በልጄስ አትቀልድብኝ!» አሉ። ሊያባርሩኝ ብድግ ሲሉ ገጹን ዘረጋሁት። ማንበብ አይችሉም። ሥዕሉን አዩት። ጣታቸውን የጀግናው ማጅራት ላይ አሳረፉ።

«ስንቴ ነገርኩት» አሉ፤ «ይኸው አሁንም አንገቱን በዝናብ ያስመታል።»

ሳልቀልድ ወጣሁ። እኔ!

መስከረም 10፣ ምሳ ሰዓት

ተማሪዋ ኮሚኳን ፍለጋ መጣች። ለመንኳት። እስከ ያሆዴ፣ እስከ ዘመን መለወጫ በዓላችን፣ ተወችልኝ።

መጨረሻውን አነበብኩ። ደላላው ተያዘ። ጀግናው ግን ጭንብሉን አያወልቅም። በሬ ተሸጦ የተላከ ልጅ ባዶ እጁን ቤት አይገባም ይላል። ወይ ሎምባሞ! አፍረህ ነው?

ጀርባው ላይ የማተሚያ ቤት ስልክ አለ። ደወልኩ። ሴት ልጅ አነሳች። አዎ፣ ሎምባሞ የሚባል ቀጭን ልጅ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅጂውን ሊወስድ ይመጣል አለች። ድንበር እንኳ አልተሻገረም! መልእክት ካለህ ልንገረው አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

መስከረም 12፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ጋሽ ሸምሱ አ.አ. ሄጄ ሎምባሞን እንድፈልግ ፈቀዱልኝ፤ ትኬቴንም ያዙልኝ። ያለኔ ጩኸት ተሳፋሪው ሰላም ያገኛል አሉ። እማማ አማረች ባዶ እጁን ይምጣ በልልኝ፣ በዓሉ ያለሱ ሦስተኛው ሊሆን ነው ብለው ላኩኝ። የእንሰት ቅጠል ስለምናቸው ከጓሯቸው ትልቁን ራሳቸው ቆረጡልኝ። ይህ ለምንድነው ብለው አልጠየቁም።

ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ። አ.አ. ቢስቅብኝ ይሳቅ፣ ዝናብም ቢኖር ይዝነብ። ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቅጠሌን ለብሼ እቆማለሁ።

ገልብጬ።