የታጠቡት ቫዮሊኖች

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን የንብረት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው የሞቀ ይሁን እያልኩ፣ እኔ የሙዚቃ መምህሩ ባለፈው ሳምንት ስላደረጉልን ነገር በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ፤ ቢሮዎ አምስት ጊዜ ተመላልሼ አምስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩና።

አንደኛ፣ ለንጽሕና ያለዎትን ትጋት አደንቃለሁ። እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተብሎ፣ በትእዛዝዎ ዘጠኙ ቫዮሊኖችና የቫዮሊን ታላቅ ወንድም የሆነው ብቸኛው ቼሎአችን በሳሙና ውሃ ታጥበው፣ ጓሮ ፀሐይ ላይ እንደ ምንጣፍ ተሰጥተው አገኘኋቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ «ኧረ ጌታዬ፣ እንጨት እኮ ነው» ብላዎት ነበር አሉ፤ እርስዎም «ጠረጴዛውስ እንጨት አይደለም?» ብለው አፏን አስያዟት። ለምሳ ሳንወጣ ማጣበቂያው ለቆ የስድስቱ ቫዮሊኖች አንገት ተነቀለ፤ የቼሎውም ጀርባ ከጎኑ ተላቀቀ።

ሁለተኛ፣ ሁለት ዓመት የደከምኩበትን ትምህርት በግማሽ ቀን ስለጨረሱልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እኔ ሞኙ አንዲት ዜማ ከማስተማሬ በፊት፣ እጅ መታጠብን፣ ከተጫወቱ በኋላ መምቻ ደጋኑን ማላላትን፣ ደጋኑ ከሚቀባው ሙጫ የሚረግፈውን ነጭ ዱቄት በደረቅ ጨርቅ መጥረግን፣ መሣሪያን ከፀሐይና ከውሃ ማራቅን ነበር የማስተምረው። ከሁሉም ትንሿ፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ እናቷ ከቁርጥራጭ የሰፋችላትን ጨርቅ ይዛ፣ ቁመቱ የሚበልጣትን ቼሎ ወንበር ላይ ቆማ ትጠርገው ነበር።

ሦስተኛ፣ በማግስቱ ሰሌዳ ላይ ያስለጠፉት ደብዳቤ «ተማሪዎች በአያያዝ ጉድለት ንብረት ስላበላሹ ከሙዚቃ ክፍል ታግደዋል» ይላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ በማኅተም ጸድቆ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ልጅቷ ጣቷን በየፊደሉ እያስኬደች አንብባ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረችና፣ «መምህር፣ በደንብ አልጠረግኩትም ማለት ነው?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ «አይደለም የኔ ልጅ» ብዬ ደጋግሜ ብነግራትም አላመነችኝም፤ የእኔ ቃል ማኅተም የለው። አሁን በሙዚቃ ክፍሉ በር ላይ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ትቆማለች፤ እገዳውን ጥሼ «ግቢ» ብላት አትገባም፣ እርሳስ እንኳ ባቀብላት አትቀበለኝም።

ፌዙ እዚህ ላይ አለቀብኝ። ቫዮሊኖቹን ይተኩ አልልም። ያንን ወረቀት ያንሡልኝ፤ በምትኩ «ልጆቹ አላጠፉም» የምትል አንዲት መስመር ይለጠፍ። እግርዎ ላይ ውደቅ ቢሉኝም እወድቃለሁ።

ለጥበብዎ ብርሃን ዓይኑ የፈዘዘ፣ እጁ ባዶ የቀረ፣
ትሑት ሠራተኛዎ የሙዚቃ መምህሩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሙዚቃ ክፍላችን ፒያኖ እስካሁን ያልታጠበው ከብዶ በሩን አላልፍ ስላለ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የክፍሉ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ይህም የአያያዝ ጉድለት ከተባለ፣ በሚቀጥለው ደብዳቤ ላይ የእኔ ስም ብቻ እንዲጻፍ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ።