ወይዘሮ የአለምወርቅ ሐዲስ፦ በልጃቸው ስም የሰው ልጆችን ያስተማሩ እናት

ወይዘሮ የአለምወርቅ ሐዲስ ከአባታቸው ከአቶ ሐዲስ መኮንን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባንቺአየሁ መርሻ በቀድሞው የወሎ ክፍለ ሀገር፣ በወልድያ ከተማ ኅዳር 12 ቀን 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። በዚያው በወልድያ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ አባታቸው ስላረፉ፣ ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ደሳለኝን ለማሳደግ ትምህርታቸውን አቋርጠው ሥራ ገቡ።

በ1974 ዓ.ም. ከአሥር አለቃ ብዙነህ ተሰማ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ባለቤታቸው ወደ አሥመራ ሲዛወሩ አብረው ሄደው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠሩ። በ1976 ዓ.ም. ልጃቸውን ዮአዳንን ወለዱ። ዮአዳን መጻፍ እንደ ቻለች ስሟን በየግድግዳው ላይ በከሰል ትጽፍ ነበር። እናቷ ሊቀጧት ይነሡና አንጀታቸው አልችል ይል ነበር።

አሥር አለቃ ብዙነህ በ1982 ዓ.ም. ወደ ግንባር ሄደው ይሙቱ ይኑሩ ሳይታወቅ ቀሩ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲፈታ፣ ወይዘሮ የአለምወርቅ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ከስደተኛው ጋር በእግር ወደ ሱዳን አመሩ። ከሰላ ለመግባት የሁለት ቀን መንገድ ሲቀር ዮአዳንን ተቅማጥ ጣላት። ውኃ አልነበረም። ልጅቷ በእናቷ ጀርባ ላይ እንዳለች አረፈች። እርሳቸው የተኛች መስሏቸው ብዙ ከሄዱ በኋላ ከኋላ የምትከተል አንዲት ሴት ነገረቻቸው። በመንገዱ ዳር አሸዋ ምሰው ቀበሯት። ይህን በሕይወት ዘመናቸው የተናገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በሱዳን መጠለያ ስድስት ዓመት፣ በኬንያ አንድ ዓመት ከቆዩ በኋላ በ1990 ዓ.ም. ጆሃንስበርግ ገቡ። ከጀፕስታውን ገበያ ብርድ ልብስና መጋረጃ ገዝተው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች መንደሮች፣ በቶኮዛና በጻካኔ፣ ከቤት ቤት እየዞሩ ሸጡ። በ1996 ዓ.ም. በጻካኔ አነስተኛ ሱቅ ከፈቱ። ደንበኞቻቸው «ማማ ዓለም» ይሏቸው ነበር። ግንቦት 2000 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች ሱቆች ሲዘረፉ የእርሳቸውም ባዶ ቀረ። ጎረቤታቸው ማማ ኖምሳ ግን እርሳቸውን መኝታ ቤቷ ደብቃ፣ በር ላይ ቆማ «እህቴን የምትፈልጉ እኔን ረግጣችሁ እለፉ» ብላ አተረፈቻቸው። በሦስተኛው ወር ሱቁን መልሰው ከፈቱ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ይህን ታሪክ የጻፈውን የወንድማቸውን ልጅ ፋንታሁንን አስመጥተው እንደ ልጃቸው አኖሩት።

በ2003 ዓ.ም. የወዳጃቸው የወይዘሮ ኤርጎጌ ልጅ ፀገነት ማትሪክን በከፍተኛ ውጤት አልፋ ለሕክምና ትምህርት ተቀባይነት አገኘች። ወረቀቷ የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ስለነበረ የመንግሥት ድጋፍ ተከለከለች። እናቷ ሱቅ ሊያስቆሟት ሲሰናዱ ወይዘሮ የአለምወርቅ ቤታቸው ድረስ ሄደው፣ «ኤርጎጌ፣ ሱቁ የትም አይሄድም። ይህቺ ልጅ ግን ዘንድሮ ካልገባች አትገባም» አሉ። ወደ ሀገር ተመልሰው ወልድያ ላይ ቤት ሊሠሩበት ያስቀመጡትን ገንዘብ ሁሉ ለትምህርቷ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤት አንሥተው አያውቁም።

በ2005 ዓ.ም. ከምእመናን ጋር ሆነው ወረቀታቸው ላልተሟላ ተማሪዎች የትምህርት መርጃ አቋቋሙ። በስማቸው ይሰየም ሲባሉ፣ «የእኔን ስም ብዙ ሰው ይጠራዋል። የእሷን ግን ከእኔ በቀር የሚጠራው የለም» ስላሉ «የዮአዳን የትምህርት መርጃ» ተባለ። እስከ ዛሬ አሥራ አራት ወጣቶች ተረድተውበታል። የአገሩ ተወላጅ ብትሆንም የማማ ኖምሳ የልጅ ልጅ አንዷ ናት። ማንም ተማሪ ጉልበታቸውን ሊስም ቢጎነበስ ይቆጡ ነበር። የሚፈልጉት የውጤት ወረቀቱን ነው፤ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩ ካለፈው ማነሱንና መብለጡን ያዩ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ገብቶ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ የሱቃቸውን ትልቁን ፍሪጅ ሸጠው ለተማሪዎቻቸው ላፕቶፕና ዳታ ገዙ። ለስላሳ መጠጡን ሳይቀዘቅዝ ሲሸጡ ደንበኛ ቢያጉረመርም፣ «ክረምት ነው፣ ጉሮሮህን ይጎዳሃል» ይሉ ነበር። ሱቁም ከእርሳቸው በኋላ ለመርጃው እንዲውል በፊርማቸው አጸኑ።

ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ትኩሳት ጀመራቸው። ሆስፒታሉ ሞልቶ ስለነበረ ሁለት ቀን ወንበር ላይ ኦክስጅን ተደርጎላቸው ከቆዩ በኋላ አልጋ አገኙ። ጠያቂ አይገባም ነበር። ዶክተር ፀገነት ከምትሠራበት ክፍለ ሀገር በየቀኑ እየደወለች፣ ነርሷ ስልኩን በጆሯቸው ትይዝላት ነበር። ሐኪም ሆና ሳለ እጃቸውን ለመያዝ አልተፈቀደላትም። ሰኔ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

ወንድማቸው አቶ ደሳለኝ እኅታቸውን ሠላሳ ዓመት ሳያዩ፣ ዛሬም ሊሸኟቸው ሳይችሉ በወልድያ እያለቀሱ ነው። እዚህ የቆምነው የተፈቀደልን ሃምሳ ሰዎች ብቻ ነን። የቀሩት ወዳጆቻቸው ከአጥር ውጭ መኪና ውስጥ ናቸው።

ቤተሰቡ አንድ አደራ አለው። ከመርጃው ተማሪዎች የመጨረሻ ዓመት ላይ ያለው ሕዝቅኤል ከመካከላችን የለም። ወይዘሮ የአለምወርቅ ከሆስፒታል በስልክ የተናገሩት የመጨረሻ ቃል፣ «ሕዝቅኤል ፈተና ላይ ነው። የሆንኩትን ብሆን እንዳትነግሩት» የሚል ነበር። ሁልጊዜ በሚደውልላቸው ሰዓት ሲደውል፣ ተኝተዋል እያልነው ሦስት ቀን ሆነ። ፈተናውን ነገ ከቀትር በኋላ ይጨርሳል። እስከዚያ ድረስ ፎቶግራፋቸውን በስልክም ሆነ በፌስቡክ እንዳታወጡ በእርሳቸው ስም እንለምናለን። ነገ ከፈተናው ሲወጣ በሩ ላይ ቆመን ጠብቀን መርዶውን እኛው እንነግረዋለን።

ብዙ መንገድ የሄደች ነፍሳቸውን እግዚአብሔር መሰደድ በሌለበት ሀገር ያሳርፍልን፤ ልጃቸውንም በእቅፋቸው ያድርግላቸው። አሜን።