በቢጃማ «ኖር» ያልኩ ዕለት

ለውድ እኅቴ ለእታለም፤

እንዴት ከረምሽልኝ? ወገብሽስ ሻል አለው? አባባስ እህል መቅመስ ጀመረ ወይስ አሁንም ማንኪያውን በእጁ ይገፋል? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ናፍቆቱን ታውቂዋለሽ፣ አልደጋግመውም።

ማስታወቂያውን ለላክሽልኝ ሥራ አመልክቼ ነበር። እናንተ ከተማ ያለው የመድኃኒት መጋዘን የማቀዝቀዣ ጥገና ኃላፊ ይፈልጋል፤ እኔም እዚህ በሰው አገር የምሠራው ያንኑ ነው። ቃለ መጠይቁን በስልክ ቪዲዮ እናድርገው አሉኝ። ካለፍኩ አባባን ለብቻሽ ማንሳትና ማስተኛት ይቀርልሻል ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ።

አብሮኝ የሚኖረው ልብስ ሰፊ ጠያቂ ሆኖ አለማመደኝ። «ምን ትችላለህ?» ሲለኝ «እንግዲህ ያሠሩኝ ይናገሩ» እላለሁ። «ያሠሩህ እዚህ፣ ቀጣሪዎችህ እዚያ፤ ማን ይናገርልህ?» ብሎ ይቆጣል። ነፍሷን ይማርና እናታችን፣ ራሱን የሚያመሰግን ሰው ስታይ ፊቷን ታዞር አልነበር? ምላሴ እንቢ አለ። ሲታክተው ኮቱን አዋሰኝና ስልኬን መስኮቱ ደፍ ላይ አቆመልኝ። ከወገብ በታች አይታይም ስላለኝ ቢጃማዬን እንደለበስኩ ተቀመጥኩ።

ጠያቂዎቹ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ነገሩ በደህና እየሄደ ሳለ ፀጉራቸው የሸበተ ሥራ አስኪያጅ ገቡ። ምን ላድርግ፣ ብድግ ብዬ «ኖር!» አልኩ። ጉልበቱ የተጣፈው ቢጃማዬ ስክሪኑን ሞላው። ወጣቶቹ ሳቃቸውን ለመዋጥ አቀረቀሩ። ሽማግሌው ግን «በእግዜር፣ ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ፤ ፈገግም አላሉ።

ከዚያ ለምን መመለስ እንደፈለግኩ ጠየቁኝ። ልብስ ሰፊው «ልምዴን ለወገኔ ላካፍል በል» ብሎኝ ነበር። በቢጃማ ከታየሁ በኋላ ግን ያ ንግግር ከአፌ አልወጣ አለ፤ አባቴ ታሟል፣ እኅቴም ደክሟታል አልኳቸው። «ባንቀጥርህስ?» አሉኝ። «ያኔም እመጣለሁ» አልኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንደዚያ እንደማስብ አላውቅም ነበር፣ እታለም። ፈራሁም፣ ደስም አለኝ።

መልሳቸው ገና ነው፤ አንቺ ግን እሱን አትጠብቂ። አልጋዬን የያዘውን የአክስታችንን ልጅ ሌላ መኝታ እንዲፈልግ ቀስ ብለሽ ንገሪው።

አክስታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ልጇን በአልጋው ነገር እንዳይቀየመኝ አደራ በይልኝ። ጎረቤታችንን «ሬዲዮ»ን ሰላም በያት፤ ወሬውን አትንገሪያት፣ እሷ እንደሆነ ሰምታለች። አባባን ግንባሩን ሳሚውና ጠጋ ብለሽ በጆሮው፣ ልጅህ እየመጣ ነው በይው።

ወንድምሽ
ከልብስ ሰፊው ጋር ከምንኖርባት ክፍል፣ ኅዳር ፲፬ ቀን